እምቢ አላለችም

ቅድስት በሆስፒታሉ ሬሳ ክፍል በተኛችበት ጧት፣ ደስታ አል ዓይን ከተማ፣ ፈላጅ ሃዛ ሠፈር በተጠለለችበት ቤት ሳሎን ውስጥ፣ በረንዳው በር አጠገብ ቆማ ነበር። «ቁጭ በይ» ያላት የለም። ሸሽታ የወጣችበት የማዳሟ ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም። የኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ጊዜ ካለፈ ቆይቷል። ኮሮና ከገባ ወዲህ ደግሞ መንገዱን በመስኮት ካልሆነ አይታው አታውቅም። ፖሊስ ከመጣ ነፍስ አጥፊ ተብላ ትታሰራለች፤ ንጹሕ ብትሆን እንኳ ኢቃማ ስለሌላት ትያዛለች።

የሟቿ የቅድስት ባል ኤልያስ ነው። አቡዳቢ በአውሮፕላን ጥገና ይሠራል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ ሲዘጋ አዲስ ሙሽራው አል ዓይን እህቱ ዘንድ ቀረችበት። መምጫ ፈቃድ ያገኘው ለሬሳዋ ነው። አሁን ከደስታ ቦርሳ ያወጣቸውን ክኒኖች ጠረጴዛው ላይ በትኖ፣ ያስጠራትን ሴት ፊት ፊት ያያል።

ሸዋዬ አዲስ አበባ ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ዛሬ የአንድ ሆቴል ጥበቃ ኃላፊ ናት። ጭንብሏን ሳታወልቅ ክኒኖቹን አገላብጣ አየቻቸው።

«ፖሊስ የምትጠራው ለዚህ ነው?»

«ይኼው እኮ! ጽንሱን ለማስወረድ የሰጠቻት ነው!»

«ይኼ ፓናዶል ነው። በዚህ የሚወርድ ቢኖር ትኩሳት ነው።»

ኤልያስ አልበረደም። «ይሁን። ዛሬ ሐኪሙን በስልክ አግኝቼዋለሁ። ጽንሱ ከማህፀን ውጭ፣ ቱቦው ላይ ነው የነበረው። ‹ቶሎ ካልተቋረጠ ቱቦው ፈንድቶ ትሞታለች ብዬ ነግሬያት ነበር፤ እምቢ ብላ ወጣች› አለኝ።»

«በምን ቋንቋ ነገራት?»

«በዐረብኛ። እሷ ከመጣች ገና ነው፣ አትችልም። በኮሮናው ምክንያት አስታማሚ ስለማይገባ፣ በስልኳ አንዲት ሴት ታስተረጉምላት ነበር።» ጣቱን ወደ በረንዳው ቀሰረ። «ሰባት ዓመት ዐረብ ቤት የሠራችው ማን ናት?»

«እኔ አይደለሁም!» አለች ደስታ። «ስልኬን እዩት።»

«የተደወለውን ለመደምሰስ ምን ያህል ይፈጃል?» አለ ኤልያስ።

የቅድስት ስልክ ከልብሷ ጋር ሆስፒታል ታሽጓል። ደስታ ስልኳን መልሳ ኪሷ ከተተችው።

የቤቱ ባለቤት ሐረገወይን ጥቁር ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች። የኤልያስ ታላቅ እህት ናት፤ እናታቸው ስትሞት ያሳደገችው እሷ ነች። በአንድ የዐረብ ትምህርት ቤት በእንግዳ ተቀባይነት ትሠራለች።

«መጠጊያ ሰጥቻት!» አለች። «እግዜር ይፍረድባት።»

«ልጅሽ ደህና ናት?» አለቻት ሸዋዬ።

«ኤልሲ? እዚያ ውስጥ በታብሌት ትማራለች። ሐኪሞቹ ‹ካላቋረጥሽው ይገድልሻል› ያሉኝ ልጅ እኮ ናት፣ እትዬ ሸዋዬ! እምቢ አልኳቸው። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሞላት።»

«ሰምቻለሁ። በየማኅበሩ ትመሰክሪያለሽ።»

በሩ ተንኳኳ። ሸዋዬ ያስጠራችው ሹፌር ከማል ነበር። በሩን ከኋላው ዘግቶ ደፉ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

«መጀመሪያ ሆስፒታል የሄደች ዕለት ያደረስካት አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እናቴ። ደም አየሁ ብላ ነው። ደጅ ጠበቅኳት።»

«ስትወጣ እንዴት ነበረች?»

«ምን እንዴት ነበረች አለው፣ ሳቅ በሳቅ! ‹ልጁ ደህና ነው፣ ብቻ ዕረፊ አሉኝ› አለች። የሕፃን ካልሲ ካልገዛሁ ቤት አልገባም ብላ አስቆመችኝ። አውራ ጣቴ እንኳ የማይገባበት! ‹ኧረ ገና ሽንብራ አያክልም› ብላት፣ ‹አንተ ዝም ብለህ ንዳ› ብላ...» ወደ ኤልያስ ዞረ። «አይዞህ፣ ወንድሜ።»

«ለእኔም ደህና ነኝ ነው ያለችኝ» አለ ኤልያስ፣ ማንንም ሳያይ። «ቀድሜ ፈቃድ ያልጠየቅኩትም ለዚያ ነው።»

ሸዋዬ ወደ ደስታ ዞረች። «የመጨረሻውን ቀን ንገሪኝ። አታሳምሪው።»

«ጧት ሆዷን አመማት። እትዬ ሐረገወይን ጸበል አጠጣቻት፤ ‹እርግዝና ሲጀምር ያለ ነው› አለች። እኔ ፓናዶል ሰጠኋት። እንዲሁ ስታቃስት ዋለች። በኋላ ‹ደስትዬ፣ አሁንስ ትከሻዬን ነው የሚቆርጠኝ፣ እሽልኝ› አለችኝ። ቅባት ይዤ ስጠጋ...»

«ስትጠጊ?»

«እትዬ ሐረገወይን ጮኸች። ‹ትከሻዬን ነው ያለችው?› ብላ ገፈተረችኝ። አምቡላንስ የደወለችው ያኔ ነው።»

ሸዋዬ ኤልያስን «ሐኪሙ ጋ መልሰህ ደውል። ስለ ትከሻ ያላት ነገር ነበር ወይ ብለህ ጠይቀው» አለችው።

ኤልያስ ከመስኮቱ ሥር ሆኖ አወራ። ሲመለስ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። «‹ትከሻሽን ካመመሽ ደም ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነውና አንድ ደቂቃ እንዳትቆዪ› ብሏት ነበር።»

«ተቀመጡ» አለች ሸዋዬ። «ደስታ፣ አንቺም።

«ትሞቻለሽ የተባለች ሴት ካልሲ ልግዛ ብላ መኪና አታስቆምም። ስለዚህ ቅድስት አልተነገራትም። ሐኪሙ ሞትን ሲናገር፣ በስልኩ የደረሳት ‹ደህና ነሽ› የሚል ቃል ነው። ምን ተብላ ተጠይቃ ‹አይ› እንዳለች የምታውቀው አስተርጓሚዋ ናት። እዚህ ቤት ዐረብኛ የሚችሉ ሴቶች ሁለት ናቸው። የትኛዋ? ለማናችንም ቢሆን የትከሻ ሕመም መድኃኒቱ ቅባት ነው፤ ቢብስ ወጌሻ። ደስታም ያደረገችው ይህንኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሆድ ሕመም ጸበል ይበቃል ያለችው ግን ትከሻ ሲባል ጮኸች። የትከሻውን ነገር ከሐኪሙ አፍ የሰማች አንዲት ጆሮ ብቻ ነበረች።»

ሁሉም ሐረገወይንን አዩ። አልካደችም።

«ለእኔም ትሞቻለሽ ብለውኝ ነበር» አለች። «አልሞትኩም። ብነግራት ፈርታ ታስወጣዋለች ብዬ... ልጁን ያተረፍኩላቸው መስሎኝ።»

«ያንቺ፣ ራስሽ እንደመሰከርሽው፣ ማህፀንሽ ውስጥ ነበር፤ የፈሩት ለደም ግፊትሽ ነው። የእሷ ግን የሚያድግበት ቦታ አልነበረውም። ምንም ቢደረግ አይወለድም። የቀረው እናቲቱን ማትረፍ ነበር፤ እሱንም መወሰን የእሷ ፈንታ ነበር።»

«እታለም...» አለ ኤልያስ።

«ፖሊስ ፊት አልደግመውም» አለች ሐረገወይን፣ ወደ ተዘጋው የልጇ ክፍል እያየች። «ኤልሲን ለማን ልተው?»

ኤልያስ ክኒኖቹን ለቅሞ ደስታ እጅ ላይ አኖራቸው። «ይቅር በይኝ። አንቺን ማንም አይነካሽም። እዚሁ ኑሪ።»

ደስታ ክኒኖቹን እንደያዘች ሸዋዬን ጠየቀቻት። «በሆስፒታሉ መዝገብ ግን እምቢ ብላ ሞተች እንደተባለ ይቀራል?»

«ይቀራል። የቅድስት ስልክ ቢከፈት ለማን እንደተደወለ ያሳያል እንጂ የተባለውን አይናገርም። እኔ ያሰብኩትን ነው የማወራው፤ ትከሻ ሲባል ስትጮህ ያየሻት አንቺ ነሽ። ግን ልጄ፣ አልዋሽሽም፤ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ኢቃማ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ከገባሽ ላትወጪ ትችያለሽ።»

ደስታ ከመደርደሪያው ሥር ጫማዋን አወጣች። ሳይደረግ ብዙ ወራት ስለቆየ ቆዳው ደርቋል፤ ተረከዟን በግድ አስገባችው።

«እዚህስ ገብቼ መቼ ወጥቼ አውቃለሁ፣ እትዬ?» አለችና ከማልን አልፋ በሩን ከፈተችው።