ውሃ ያላዩ ዳክዬዎች

አቶ ኪዳነወልድ ሞተው የተገኙት ሰኞ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ስልሳ ሦስት ዳክዬዎች አፍጥጠው እያዩአቸው ነው። ከስልሳ ሦስቱ አንዱም አልጮኸም። እንዴት ብሎ ይጩኽ? ሁሉም እንጨት ናቸው።

መቶ አለቃ እንደሻው ከፈረስ መጋላ ቁልቁል የሚወስደውን ጠባብ መንገድ እያለከለከ ጨርሶ ደረሰ። ወደ ክፍሉ መጀመሪያ ቦርጩ፣ ቀጥሎ ኮፍያው፣ በመጨረሻ ራሱ ገባ። በጀጎል ግንብ ውስጥ በዚህ ሰው ቦርጭ የማይቀልድ የለም፤ ዓይኑን ግን ሁሉም ይፈራዋል።

ሽማግሌው ዱካቸው ላይ እንደተቀመጡ ግድግዳውን ተደግፈዋል። ግራ እጃቸው ግማሹ የተጠረበ ዳክዬ ይዟል። ጭናቸው ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ ተበትኗል። ደረታቸው ላይ የመጽሐፍ ጠራዥ ወስፌ እስከ እጀታው ተሰክቷል።

አቶ ኪዳነወልድ ድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ጡረታ በወጡ ሰሞን ዓለማያ ሐይቅ ዳር አንድ ፈረንጅ አዳኝ የእንጨት ዳክዬ ውሃ ላይ አንሳፍፎ የዱር ዳክዬዎቹን ከሰማይ ሲያወርድ አዩ። ፈረንጁ ተኮሰ። እሳቸው ተኩሱን ጠሉ፣ እንጨቱን ወደዱ። ከዚያ ወዲያ ቢላቸውንና ሞረዳቸውን ይዘው፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው ደስታ፣ ዳክዬ ሲጠርቡ ኖሩ። ማንም ዳክዬ በማይበላበት ከተማ ስልሳ ሦስት ዳክዬ ያለው ሰው ምን ይባላል? «እብዱ ጸሐፊ» ተባሉ፤ እሳቸውም ስሙን ወደዱት።

ወስፌው የአከራያቸው የባሕሩዲን ነው። ባሕሩዲን መጽሐፍ ጠራዥ ነው፤ ሱቁም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከሟቹ ክፍል ፊት ለፊት። የእንደሻው አለቃ፣ ሻለቃው፣ ይህን እንደሰማ ምንም ሳያላምጥ ዋጠው፦ «ነገ እኩለ ቀን ላይ ባሕሩዲንን ፍርድ ቤት አቅርበው። ለስቅላት የሚበቃ ነገር ነው።»

እንደሻው ግን ማላመጥ ይወዳል። እጁ የታሰረውን ሰውዬ ግቢው ውስጥ አስቀምጦ ጠየቀው።

«ወስፌው የእርስዎ ነው?»

«ወላሂ የኔ ነው። የዳክዬዎቹን ዓይን ይብሱበት ብዬ ካዋስኳቸው ዓመት አልፎታል። አሁን እኔ፣ አቦ፣ በራሴ ወስፌ ወግቼ፣ በራሴ ቤት ትቼ፣ በራሴ እግር ሮጬ ፖሊስ እጠራለሁ?»

«እንዲህ ያደረገ ሰው አውቃለሁ።»

«እሱ ቂል ነው። እኔ መጽሐፍ ጠራዥ ነኝ።»

እንደሻው ሳቁን በሳል ሸፈነ። «ለምን ገቡ ታዲያ?»

ባሕሩዲን በታሰረ እጁ ከኪሱ ሳንቲም የምታህል ክብ ቆዳ አወጣ። መሐሏ ላይ አበባ ታትሞባታል። «ዳክዬው ውሃ ላይ እንዳይገለበጥ ሆዱን በስተው እርሳስ አቅልጠው ያፈሱበታል። ቀዳዳውን የሚደፍኑት በዚህ ነው። ከመጽሐፍ ሽፋን ከሚተርፈኝ ቆዳ እየቆረጥኩ፣ በአባቴ ማኅተም እያተምኩ እሰጣቸዋለሁ። ሰሞኑን ተክዘው ነበር፤ ላባብላቸው ብዬ ይዤላቸው ስገባ...»

ሚስቱ ጃሚላ እንደ መኸር ዝናብ ወረደች። «መቶ አለቃ! ባሌን የሚፈቱልኝ መቼ ነው? ሌባውንስ የሚይዙልኝ?»

«የምን ሌባ?»

«እንስራዬን ላጥንበት የፋቅኩትን ወይራ ሰፌድ ላይ አስጥቼ ገበያ ሄድኩ። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ነው የቆየሁት። ስመለስ መሐሉ ጎድጉዷል! አንድ ሰው በእጁ ዘግኖታል!»

«ወይዘሮ ጃሚላ፣ ሰው ሞቶ ስለ እንስራ?»

«የሞቱትን አላህ ይማራቸው። እኛ ደግሞ ውሃ እንጠጣለን።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞረዳቸውን አልሰማሁትም። ድሮ ጆሮዬን ሲበሱኝ እራገም ነበር። ዝም ሲሉ ናፈቀኝ።»

እንደሻው ወደ ክፍሉ ተመልሶ ጥግ ጥጉን አየ። ዳክዬዎቹ የሚፈተኑበት ሳፋ ባዶ ነው፤ መቀመጫው አቧራ ለብሷል። ወለሉ ተጠርጓል። ፍቅፋቂ ያለው የሟቹ ጭን ላይ ብቻ ነው። ከእሱ ቆንጥሮ መሐረቡ ውስጥ ቋጠረ።

ይህን ጊዜ መምህር ተስፋዬ ከበሩ ደረሰ። ተስፋዬ የእንደሻው አበልጅ ነው፤ የሴት ልጁ የብዙነሽ የክርስትና አባት። እንደሻው ከገዛ ወንድሙ አስበልጦ ይወደዋል። ከተማውም ይወደዋል፤ በእጅ ሥራው ተመስግኖ፣ በአሥረኛው ቀን ለትምህርት ባሕር ማዶ ሊሄድ ነው። ምን እየጠረበ ቢባል፣ ዳክዬ። «ካቶ ኪዳነወልድ ተምሬ» ይላል። ለብዙነሽ ክርስትና ያመጣላት ስጦታም «በገዛ እጄ የጠረብኩት» ዳክዬ ነበር።

ተስፋዬ አበልጁ አንገት ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። «እንዴት ይሆናል? ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ነበርኩ እኮ! እየጠረቡ ነበር፤ ፍቅፋቂው ጭናቸውን ሞልቶት። ‹ተስፍሽ፣ ይኼኛው ጎበዝ ዋናተኛ ይሆናል› አሉኝ። ሳቅን። አራት ሰዓት ላይ ደህና ትቻቸው ወጣሁ።»

እንደሻው ጀርባውን መታ መታ አደረገለት። ጃሚላ ስለ ሞረዱ ያለችው ጆሮው ውስጥ ተንጫጫ፤ «እሷ ገበያ ነበረች፣ በምን ትሰማ» ብሎ አፈነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አያፍነውም ነበር።

የመጨረሻዋ ተጠያቂ የሟቹ የወንድም ልጅ ሮማነወርቅ ናት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አጎቷ ጋ መጥታ መጮኋን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«እነዚህን እንጨቶች አነዳቸዋለሁ ብለሻል ይባላል?»

«ብያለሁ! ከግንቡ ውጭ እኔ ጋ ይኑሩ ብል ‹ዳክዬዎቼስ?› ይሉኛል። ግን እንዲያ የጮኽኩት ስለሚያሳዝኑኝ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ደስ ይበላቸው ብዬ የመምህር ተስፋዬ የዳክዬ ትርኢት ፎቶግራፍ የወጣበትን ጋዜጣ አመጣሁላቸው። ‹አየሽው ተማሪዬን› የሚሉ መስሎኝ ነበር። በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሯቸው፤ ሃያ አንድ ደረሱ። ከዚያ ቢላቸውን አስቀመጡ። መልሰው አላነሡትም።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

«እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው ነበር። ‹ተስፋዬን እየጠበቅኩ ነው› አሉኝ።»

እንደሻው መሐረቡን ፈቶ ቀላ ያለውን ፍቅፋቂ አሸተተ። ማንም የማይስተው ሽታ ነው፤ ወይራ። ሟቹ የያዙት ዳክዬ ደግሞ ከቆርች የተጠረበ፣ ሲያነሡት እንደ ቡሽ የሚቀል ነጭ እንጨት። ነጭ እንጨት ሲፋቅ ቀይ አይረግፍም።

ማታ ጀንበር ሳትጠልቅ ቤቱ ገባ። ብዙነሽ የክርስትና ዳክዬዋን እየጎተተች ነው። ተቀብሏት ሆዱን ገለበጠው። ሥሩ ላይ ጥቁር ቀለም ተደራርቦ ተቀብቷል። በጥፍሩ ፋቀው። ቀለሙ ተነሣ፤ ከሥሩ ቆዳ ብቅ አለ፤ ቆዳው ላይ አበባ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ይህ ዳክዬ ሳሎኑ ውስጥ ሲዋሸው ኖሯል። እንደሻው ራቱን አልበላም። ያን ቦርጭ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ምን ያህል እንደከበደ ከዚህ ይረዳል።

ማክሰኞ ጠዋት ሁሉንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበ፦ እጁ የታሰረውን ባሕሩዲንን፣ ጃሚላን፣ ሮማነወርቅን፣ ተስፋዬን። ሻለቃው በሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ሳፋው ውሃ ተሞልቶ መሐል ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ልጣቸው የተላጠ ሁለት ጉማጆች አሉ።

«አበልጄ፣ እዚህ ካለነው ጠራቢው አንተ ብቻ ነህ። ለዳክዬ የሚሆነውን ምረጥልኝ።»

ተስፋዬ ሁለቱንም እያገላበጠ አየ። «ይኼ። ቀለሙም ያምራል፣ ጠንካራም ነው። ቅርጽ ይይዛል።»

እንደሻው ተቀብሎ ሳፋው ውስጥ ለቀቀው። ጉማጁ እንደ ድንጋይ ወርዶ የሳፋውን መቀመጫ ደለቀ።

ጃሚላ ቀድማ ጮኸች። «ወይራ ነው እኮ! ወይራ ደግሞ ማን ያዋኛል፣ አቦ!»

«ማንም» አለ እንደሻው። «የጠረበ ሰው ያውቀዋል። ያልጠረበ ሰው ግን ፍቅፋቂ ሁሉ አንድ ይመስለዋል። ተስፋዬ፣ እየጠረቡ ነበር አልከኝ። ሳፋው ደርቆ አቧራ ለብሶ ነበር፤ ወይዘሮ ጃሚላ ሞረዱን ከሰማች ሦስት ሳምንቷ ነው፤ ሮማነወርቅ ትታቸው ስትወጣ እጃቸው ታጥፎ ነበር። ግን ‹ሰላም ነበርን፣ ሥራ ላይ ትቻቸው ወጣሁ› ለማለት ፍቅፋቂ አስፈለገህ። ክፍሉ ውስጥ የለም። ወጣህ፤ ሰፌዱን አገኘህ፤ ዘገንክ። ከመደርደሪያው ጅምር ዳክዬ አንሥተህ እጃቸው ላይ አኖርክ።»

«እንደሻው! እኔን? አበልጅህን?»

እንደሻው ከካፖርቱ ሥር የልጁን ዳክዬ አውጥቶ ለባሕሩዲን አሳየው። «ማኅተሙን ያውቁታል?»

«የአባቴ ነው። እንዴት አላውቀውም?»

«አልፎ አልፎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ አንድ ዳክዬ ትወስድ ነበር። እሳቸው እግራቸው ዓለማያ አያደርሳቸውም። ሐይቁ ላይ አኑርልኝ ብለው ይሰጡሃል፤ በሳምንቱ ምን ነበር የምትላቸው?»

ጃሚላ ናት የመለሰችው፣ ቀስ ብላ። «‹ቀጥ ብሎ ዋኘ› ይላቸዋል። እኔ ራሴ ሰምቻለሁ። ‹የዱሮቹም ወርደው አብረውት ዋኙ› ሲላቸው እንደ ሕፃን ያጨበጭቡ ነበር።»

«ሃያ አንዱም ውሃ አላዩም። ሆዳቸውን ቀለም ቀብተህ፣ ስምህን ሰጥተህ መደርደሪያ ላይ ደረደርካቸው። ጋዜጣው ላይ ቆጠሯቸው። ትናንት ጠርተው ጠየቁህ። የባሕሩዲን ወስፌ ጠረጴዛው ላይ ነበር።»

ሻለቃው ሰዓቱን ማየት ተወ።

ተስፋዬ ዱካው ላይ ተቀመጠ፤ የማን ዱካ እንደሆነ ሲያስታውስ ብድግ አለ። «እጽፋለሁ አሉኝ። ‹ለሚልኩህ ሰዎች እውነቱን እጽፋለሁ።› አሥር ቀን ነበር የቀረኝ፣ እንደሻው! እሳቸው የትም አይሄዱበትም! እንጨት እኮ ነው!»

«ብትጠይቃቸው ይሰጡህ ነበር» አለ እንደሻው። «እንጨቱንም፣ ስሙንም።»

የባሕሩዲንን እጅ ፈታና በዚያው ሰንሰለት የአበልጁን እጅ አሰረ። ቁልፉ ሁለት ጊዜ አመለጠው። ተስፋዬ ጎንበስ ብሎ አነሣለት፤ ከልማድ ይሁን ከፍቅር ማንም አላወቀም። እንደሻው ቁልፉን ሲቀበለው ቀና ብሎ አላየውም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ የፖሊስ ላንድሮቨር ዓለማያ ሐይቅ ዳር ቆመ። ባሕሩዲን ከስግደት መልስ ነበር፤ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገባ። እንደሻው ልጁን ለምኖ ያመጣውን ዳክዬ አቀበለው። ብዙነሽ «አባባ ተስፋዬ የት ሄደ?» ብላው ነበር፤ «ሩቅ» ብሏታል፤ እሷም ባሕር ማዶ መስሏት ዳክዬዋን «እሱም ይዋኝ» ብላ ሰጠች።

ባሕሩዲን «ቢስሚላህ» ብሎ ለቀቀው። ዳክዬው አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዘመም አለ፤ ሆዱ ውስጥ ያለው እርሳስ ያዘው፤ ቀና አለ። ነፋሱ ወደ መሐል ይገፋው ጀመር። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ከወዲያኛው ቄጠማ ሁለት የዱር ዳክዬዎች ተነሥተው ዞሩ፣ ዞሩና ከጎኑ አረፉ።

ሁለቱ ሰዎች ተመልሰው ከግንቡ ውጭ ካለው ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ባሕሩዲን ከአጥሩ ውጭ ቆመ። እንደሻው ብቻውን ገብቶ፣ ገና አፈሩ ያልጠነከረ መቃብር አጠገብ ኮፍያውን አወለቀ፤ አለቃው ፊት እንደሚቆም ሰው ቀጥ ብሎም ቆመ።

«አቶ ኪዳነወልድ» አለ፣ «ቀጥ ብሎ ዋኘ።»