አባባ ኤልዋ የዘጉት ቧንቧ

ቧንቧው ሁለት ጊዜ አስሎ ዝም አለ። ከላይኛው ፎቅ የእንግዳዋ የማዳም ቬሮኒክ ድምፅ መጣ። «ውሃው የት ሄደ? ጭንቅላቴ በሙሉ ሻምፖ ነው።»

ኦሪያን ደረጃው ስር ነበረች። እንደ ሰማች ገባት። ከምሳ በፊት ከቤቱ ጀርባ ያለውን የአትክልት ቧንቧ ከፍታ፣ ጎማውን አሮጌው ባኞ ውስጥ ከትታ ነበር። ለምሳ ሲጠሩ ከእንግዳዋ ልጅ ከክላሪስ ጋር እየተሳሳቀች ሄደች፣ ቧንቧውንም እዚያው ረሳችው። አሁን ሮጠች። ባኞው ሞልቶ ፈስሶ፣ ወደ ባህሩ የሚወርደው አሸዋ ሁሉ ርሷል። ጎማውን ከባኞው መዝዛ አያቷ የተከሉት ቲማቲም መሀል ወረወረችው። እጇ ከሐሳቧ ቀደመ። ቧንቧውን ልትዘጋ ስትል የአባቷን ኮቴ ሰማችና በጀልባው መጠለያ በኩል ሾልካ ጠፋች።

የካሪቢያኗ ደሴት ሰን ባርት ወደቧ ላይ ከቤት የሚበልጥ ጀልባ ቢደረደርም ወንዝ የላትም። ኮረብታው ላይ ያሉት ባለጸጎች በገንዘባቸው ውሃ ያስመጣሉ፤ እነ ኦሪያን የሚኖሩበት የኮሮሶል መንደር ሰው ግን ከጣሪያው የወረደውን ዝናብ ከቤቱ ስር ባለ የሲሚንቶ ጉድጓድ ያጠራቅምና ከገና በኋላ ሰማይ ሲጨክን እሱኑ እየቆጠበ ይኖራል። ክፋቱ እንግዳ የሚጎርፈውም በዚሁ ወቅት ነው። የኦሪያን ቤተሰብ እንደ ብዙው ጎረቤት ፎቁን ለእንግዶች አከራይቶ፣ እስኪሄዱ ድረስ ምድር ቤት ተጣቦ ይከርማል።

አባቷ ሬሚ የመለኪያውን ዘንግ ጉድጓዱ ውስጥ ሰደደው። ጫፉ ብቻ ረጥቦ ወጣ። ኦሪያን በሌላ በኩል ዞራ ብቅ አለች።

«ጠዋት ስትለኪ የት ነበር ያለው?» አላት።

«ግማሽ ላይ» አለች ኦሪያን።

ግማሽ ላይ አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ከግማሽ በታች ነበር፤ እሷ ግን በየጠዋቱ ዘንጉን እያየች ግማሽ ትላለች።

ነገሩ የጀመረው እንግዶቹ ከሊዮን የመጡ ዕለት ነው። የማዳም ቬሮኒክ ልጅ ክላሪስ እንደ ኦሪያን አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ መዋኛ ገንዳው የት እንደሆነ ጠየቀች። የክፍል ጓደኞቿ ኮረብታው ላይ ገንዳ ያለው ቤት ይዘው በየሰዓቱ ፎቶ ይልኩላታል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ ኦሪያንም «እኛ ከገንዳ የሚበልጥ አለን፤ ባህር እያየሽ የምትታጠቢበት ባኞ» አለች። አያቷ የዓሣ ማጥመጃ ምግብ የሚያስቀምጡበትን ባኞ ፈግፍጋ ከጀልባው መጠለያ ጀርባ፣ ከዛፉ ጥላ ስር አቆመችው። ክላሪስ «ውሃ አያልቅባችሁም?» ስትላት ደግሞ «ከሰማይ ነው የሚመጣው፣ እንዴት ያልቃል» አለቻት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ሰው ሳያያቸው ባኞውን በየቀኑ እየሞሉ ፎቶ ሲነሡ ሰነበቱ።

«ግማሽ ከነበረ አንድ ቦታ ፈሷል ማለት ነው» አለ ሬሚና ወደ ጓሮው ዞረ። ቧንቧው ተከፍቷል። ጎማው ቲማቲሙ ውስጥ ተጋድሟል።

አያቷ አባባ ኤልዋ የገለባ ባርኔጣቸውን እንደ ደፉ መጡ። «ምን ሆናችሁ ነው እንዲህ የተሰበሰባችሁት?»

«አባባ፣ ዛሬ አትክልት አጠጥተው ነበር?»

«በማለዳ። አንድ ሁለት ቆርቆሮ ብቻ። ከዚያ ዘጋሁት።» የተከፈተውን ቧንቧ አዩት። «ዘጋሁት... መሰለኝ።»

ሬሚ ሊቆጣ አፉን ከፍቶ ነበር፤ የሽማግሌውን ፊት ሲያይ ተወው። ባለፈው ወር ዓሣ ምድጃ ላይ ጥደው ረስተው ወጥ ቤቱ በጭስ ታፍኖ ነበር። አንድ ቅዳሜ ደግሞ እሑድ መስሏቸው ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። እሱን እንኳ ቤተሰቡ እየሳቀበት አሳልፎታል።

«ምንም አይደለም አባባ። ማንም አልተቆጣም» አለ ሬሚ፣ ለሕፃን እንደሚናገር ሰው። የቧንቧውን እጀታ ፈትቶ ኪሱ ከተተ። ቢጮህባቸው ይሻል ነበር።

ማዳም ቬሮኒክ በመጨረሻ ጸጉሯን ጋዝ ባለው የጠርሙስ ውሃ ተለቃለቀች። የውሃ ቦቴ እስኪመጣ ሁለት ቀን ጠብቁ ተባለ፤ ጎረቤት በባልዲ ያካፍል ጀመር። ማታ ኦሪያን እናቷ በስልክ ስትናገር ሰማች። ጎረቤት ደሴት ጉዋዴሎፕ ያለ የነርቭ ሐኪም ጋ ለአባባ ቀጠሮ እየያዘች ነበር።

በማግስቱ ክላሪስ አሸዋው ላይ እግሯን እየቀበረች «ውሃውን የጨረሰው የኛ ባኞ ነው አይደል?» አለች።

ኦሪያን አሸዋው ላይ በጣቷ መስመር ጫረች።

«አውቄያለሁ። እና ምን ይጠበስ? የምናገር መስሎሽ ነው?»

«አያቴ እሳቸው የረሱት መስሏቸዋል።»

«አቦ አንቺ ደግሞ፣ ፈታ በይ። ሽማግሌ ናቸው፣ የሚቆጣቸው የለ። አንቺ ብትናገሪ ግን በጋውን ሙሉ ታስረሽ ነው የምትከርሚው። እኔም ከእማዬ ጋ ጉድ ነው የሚፈላብኝ። ከነገ ወዲያ እንሄዳለን፤ ከዚያ ማን ያስታውሰዋል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም።»

ኦሪያን ነገሩ ልክ መሰላት። ልክ እንዲሆንላትም በጣም ፈለገች። ከሰዓት በኋላውን ከክላሪስ ጋር ስትዋኝ ዋለች፤ ሳቋ ግን አልመጣ አላት።

ወደ ቤት ስትመለስ አባባ ኤልዋን የጀልባቸው መጠለያ በር ላይ አገኘቻቸው። በሩን ቆለፉ። ጥቂት ሄዱና ተመልሰው ቁልፉን ነቀነቁት። «ቆልፌዋለሁ» አሉ ጮክ ብለው፣ ለራሳቸው። እንደገና ሄዱ፤ እንደገና ተመለሱ። ሌባ ጣታቸው ላይ የማጥመጃ ክር ቋጥረዋል።

«ክሩ ምንድን ነው አባባ?»

«እንዳልረሳ ነዋ። ምን እንዳልረሳ እንዳትጠይቂኝ እንጂ።» ሊስቁ ሞከሩና ተዉት። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። «ጀልባዋን ለአባትሽ ልሰጠው ነው። ነገ ማታ፣ እንግዶቹ አብረውን ሲበሉ።»

«ለምን? በየማለዳው ይወጡባት የለም እንዴ?»

«ቧንቧ የረሳ ሰው ባህር ላይ ምን እንደሚረሳ ማን ያውቃል? ሰው ፍለጋ ከሚያስወጣ እቤቱ ቢቀመጥ ይሻላል።» ሱሪያቸው ላይ ያለውን ቡናማ ጭረት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «የሚገርምሽ፣ ስዘጋው በደንብ ትዝ ይለኛል። የእጀታው ዝገት እጄ ላይ ቀርቶ በሱሪዬ ጠረግሁት። ይኸው ምልክቱ። ግን ይሄም የሌላ ቀን ይሆናል። ቧንቧው ተከፍቶ ተገኘ አይደል? ዓይን ካየው በኋላ ምን ይባላል? የሚዋሸኝ የገዛ ጭንቅላቴ ነው።»

በዚህች ጀልባ መዋኘት ያስተማሯት፣ የባህሩን ወለል ድንጋይ በድንጋይ የሚያውቁት አያቷ፣ ዛሬ የገዛ በራቸውን አያምኑም። አፏን ከፈተች። «አባባ...» ብላ ቀረች።

«ወይ ልጄ።»

«ምንም አይደለም።»

«እንግዲህ እኔን እንዳትመስይ፤ የጀመርሽውን ሳትረሺ ተናገሪ» ብለው ራሷን ዳበሷትና ሄዱ። ትንሽ ሄደው ቆሙ። ከዚያ በሩን ሊያዩ ተመለሱ።

በማግስቱ ቦቴው መጥቶ ጉድጓዱ ውሃ አገኘ። ማታ ምድር ቤቱ ደጃፍ ላይ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሁሉም ተቀመጠ። ሬሚ ዓሣ ጠብሷል፤ እናቷ ማዳም ቬሮኒክ የወደደችውን የጨው ዓሣ ቂጣ በዘይት ጠብሳ አቅርባለች። ማዳም ቬሮኒክ በጋዝ ውሃ ስለታጠበው ጸጉሯ እየቀለደች ሁሉንም ታስቃለች። «ሊዮን ስመለስ ጸጉር አስተካካዬ ሚስጥርሽ ምንድን ነው ይለኛል» አለች። አባባ ኤልዋ አልሳቁም። የክት ሸሚዛቸውን ለብሰዋል፤ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው።

ሳቁ ሲበርድ እጃቸውን አወጡና የጀልባውን ሞተር ቁልፍ ከሬሚ ሳህን አጠገብ አስቀመጡት።

«ያዘው» አሉ። «ከእንግዲህ እኔ ዘንድ ባይሆን ይሻላል።»

ሬሚ ቁልፉን አየ፣ ግን አልነካውም። እናቷ ዓይኗን ወደ ሳህኗ አቀረቀረች። ሁሉም ይህ ቀን እንደሚመጣ ያውቅ የነበረ ይመስል፣ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ክላሪስ ከጠረጴዛው ስር የኦሪያንን እግር ነካ አደረገች። ዝም በይ ማለቷ ነው።

ኦሪያን እግሯን ሰበሰበች። እጇን ዘርግታ ቁልፉን አነሣችና መልሳ አያቷ ፊት አኖረችው።

«አባባ፣ እርስዎ ቧንቧውን ዘግተውት ነበር» አለች። «እርስዎ ከዘጉት በኋላ እኔ ከፈትኩት። ባኞ ልሞላ። ጎማውን ቲማቲሙ ውስጥ የጣልኩትም እኔ ነኝ። ግማሽ ያልኩትም ውሸቴን ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ግማሽ አልነበረም።»

«ምን?» አለ ሬሚ። «ምን ነው ያልሽው?»

«አንድ ጊዜ ነግሬያለሁ አባዬ። ብትፈልግ ደግሜ እነግርሃለሁ።»

ማዳም ቬሮኒክ ወደ ክላሪስ ዞረች። ክላሪስ ሹካዋን እያየች ነበር። ሬሚ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ፤ ሊናገር የፈለገው ብዙ እንደሆነ ከፊቱ ይታያል። ሆኖም አባቱን አየና ጠበቀ።

አባባ ኤልዋ ሱሪያቸው ላይ ያለውን የዝገት ጭረት ተመለከቱ። «ዘግቼው ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ በቀስታ።

«ዘግተውት ነበር።»

ቁልፉን ኪሳቸው መለሱት። ከዚያ ጣታቸው ላይ ያለውን ክር ሊፈቱ ሞከሩ፤ የባህር ሰው ቋጠሮ ነውና በአንድ እጅ አልፈታ አላቸው። ኦሪያንን እንኳ ሳያዩ እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ዘረጉላት። እሷም ወንበሯን አስጠግታ በጥፍሯ ትፈታው ጀመር።