ያልተለፋበት ማኅተም

መጀመሪያ ፒያኖው ተሰማ። ሳዮ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ አወቀችው፤ በየበጋው፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከመናፈሻው አሮጌ ሬዲዮ እየተንቆረቆረ የሰፈሩን ልጆች ለስፖርት የሚጠራው ዜማ ነው። ቤታቸውና መናፈሻው አጥር ለአጥር ስለሆኑ በተከፈተው መስኮት ሁሉም ነገር ይሰማል። ከፒያኖው ቀጥሎ የእናቷ ድምፅ መጣ።

«ኮሃሩ፣ ከአግዳሚው እንዳትነሺ። ካርድሽን ብቻ አምጪና ላትምልሽ።»

«አልፈልግም» አለች የአምስት ዓመቷ ልጅ። «አልዘለልኩም እኮ።»

ሳዮ የግራ ጎኗን ደግፋ ከአልጋዋ ተነሣች።

ከኦካያማ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው በዚያች ሰፈር፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ሁሉ ካርድ በአንገታቸው አንጠልጥለው ከሬዲዮው ጋር ይንቀሳቀሳሉ። ሲያበቁ የዕለቷን ማኅተም ያገኛሉ። ማኅተሙ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት በሳዮ እናት በፉሚኤ እጅ ነበር። ማኅተም ለማግኘት ያለቀሰ ልጅ ብዙ ነው። ማኅተም እምቢ ያለ ግን እስከዚያ ጠዋት አልታየም።

ኮሃሩ የሳዮ ታላቅ እህት ልጅ ናት። እናቷን የገደለው የሳንባ በሽታ እሷንም ሊወስዳት ደርሶ ነበር። ከሰባት ወር በፊት ሐኪሞች ከሳዮ ግራ ሳንባ የታችኛውን ክፍል ቆርጠው ለሕፃኗ ተከሉላት። አክስትና የእህት ልጅ ያን የብርድ ወቅት በአንድ ፎቅ፣ በሁለት ክፍል ተኝተው አሳለፉት።

ኦሪታን ያገኘችውም እዚያው ነው። መራመድ በጀመረች በሦስተኛው ቀን፣ ከኮሃሩ ክፍል ፒሪሪሪ የሚል ድምፅ ሰምታ ገባች። አንድ ረጅም ወጣት ወለሉ ላይ በጀርባው ተዘርግቷል። ኮሃሩ ሲነፉት እንደ ምላስ የሚዘረጋውን የወረቀት ፊሽካ አፍንጫው ላይ ትነፋበታለች።

«ይቅርታ» አለች ሳዮ ደንግጣ፤ «ሰው የሞተ መስሎኝ ነው።»

«ሞቼ ነበር» አለ ሰውዬው ሳይነሣ። «ይኸው እየነፋች አስነሣችኝ። አንድ አሥር ጊዜ ከነፋችልኝ እቀመጣለሁ።»

ኮሃሩ አሥር ጊዜ ነፋች። ለካ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ነው። ሲነሣ መጀመሪያ ያየው የሳዮን ፊት አልነበረም፤ ትከሻዋን ነው።

«እርስዎስ ግራ እጅዎን መቼ ነው የሚያነሡት?»

«እኔ ታማሚ አይደለሁም።»

«እሱን ለትከሻዎ ይንገሩት» አለ። አነጋገሩ ግን አላስከፋትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የፊሽካው ድምፅ በተሰማ ቁጥር ፀጉሯን በጣቷ ማበጠር ለመደች።

ኦሪታ ኮሃሩን ቀስ በቀስ አቆማት፤ አራመዳት፤ ደረጃ አስወጣት። «ሳንባው ሥራውን ያውቃል» ይል ነበር። «አልጋ ላይ ከርመው ሥራቸውን የረሱት እግሮቿ ናቸው።» ታዲያ አንድ ቀን ፉሚኤ ስትመጣ ልጅቷ ደረጃ ላይ ቆማ ስታለከልክ አገኘቻት። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇን፣ የኮሃሩን እናት፣ በሽታው መጀመሪያ የጣላት በልጅነቷ በትምህርት ቤት ሩጫ ላይ ነበር፣ እሷው «ሩጪ» እያለቻት።

«ልጄን በሩጫ ቀብሬያለሁ» አለችው ኦሪታን። «የልጅ ልጄን አታስሮጥብኝም።»

ባለሙያ ይቀየርልኝ ብላ ጠየቀች፤ ተቀየረላት። ኦሪታ ለሳዮ ጎንበስ ብሎ ተሰናበታት። በዓይኑ ግን አልተሰናበተም።

ኮሃሩ ማኅተሙን እምቢ ባለች ማግስት ሳዮ ስልኩን አንሥታ ነገሩን ለኦሪታ ነገረችው። በሦስተኛው ጠዋት፣ ፒያኖው ሲጀምር፣ ከልጆቹ ኋላ አንድ ረጅም ሰው ቆሟል። በአንገቱ እንደ ሕፃናቱ ካርድ አንጠልጥሏል።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አለች ፉሚኤ።

«ስፖርት ልሠራ ነው፣ እማማ። ሬዲዮው የሁሉም አይደል?»

«ሰፈርህ አይደለም።»

«በብስክሌት አርባ ደቂቃ ብቻ ነው። እሱም ስፖርት ነው።»

«የማትመው ለሰፈሬ ልጆች ነው።»

«ግድ የለም። ካርዱ ያምርብኛል።»

ሳዮ ኮሃሩን ከአግዳሚው አስነሣቻት። ሐኪሙ ፈቅዷል፤ ከጣቷ ላይ ያለችው የኦክስጅን መለኪያ ከዘጠና በታች ካላሳየች ትንቀሳቀስ ብሏል። በመጀመሪያው ቀን ሁለቱን እንቅስቃሴ ሠርታ ተቀመጠች። በሳምንቱ አምስት ደረሰች። ኦሪታ ምንም አያዝዝም፤ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብሎ ራሱ ብቻ ቀስ እያለ ይሠራል፣ እሷ ትከተለዋለች። ዝላዩ ሲመጣ ግን ትቀመጣለች። ፉሚኤ በየቀኑ ማኅተሙን ታቀርባለች፤ ኮሃሩ በየቀኑ ራሷን ትነቀንቃለች።

«እልኸኝነቷ ከማን የመጣ ነው?» አለ ኦሪታ አንድ ጠዋት ቧንቧው አጠገብ፣ ፊቱን እየታጠበ።

«ከኔ ሳንባ ነዋ።»

ሳቁ። ከዚያ ሳዮ ውኃውን እያየች ጠየቀችው፦ «ለምንድን ነው በየቀኑ የሚመጡት?»

«ለኮሃሩ ብል ውሸት አይሆንም።»

«ግን?»

«ግን ኮሃሩ ባትኖርም እመጣ ነበር።»

ውኃው ከመዳፏ ሞልቶ እስከ ክርኗ ወረደ። «እንግዲያው» አለች ቀና ሳትል፣ «‹እርስዎ› ማለቱን ተወኛ።»

ማታ እናቷ ኮክ እየላጠች፣ ዓይኗን ከቢላዋው ሳታነሣ ተናገረች። «ጎኗ የተሰነጠቀ ሴት ወድዶ ነው እንዴ? አዝኖልሽ ነው።»

«የምታዝኚልኝስ አንቺ ነሽ፣ እማዬ። ለኮሃሩ ሳትዘል ልታትሚላት የምትፈልጊው አንቺ ነሽ። እሱ ‹እጅሽን አንሺ› ነው የሚለኝ።»

ኮኩ ተላጠ፣ ተቆረጠ፣ ማንም ሳይነካው አደረ።

የመጨረሻው ጠዋት ደረሰ። የኮሃሩ ካርድ አንዲትም ማኅተም የለባትም። ፒያኖው ሲጀምር ማስኳን አስተካክላ ከፊት ቆመች። ሁሉንም ሠራች። ሙዚቃው ወደ ዝላዩ ሲያልፍ ጣቷን ለሳዮ ዘረጋች።

«ዘጠና ሦስት» አለች ራሷ አንብባ።

«አስቁሚያት» አለች ፉሚኤ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

«አላስቆማትም። ቁጥሩን እያየሁ ነው።»

«እህትሽም እኮ...» አልጨረሰችውም።

ኮሃሩ ጉልበቷን አጠፈች። ዘለለች። ከመሬት የተነሣችበት ከፍታ እርሳስ እንኳ አያሾልክም፤ ግን ተነሣች። ደግማ ዘለለች። በሦስተኛው ተንገዳገደችና ኦሪታ እጁን ዘረጋ። አልያዘችውም። አራተኛውን ዘለለች።

«ዘጠና አንድ» አለች እያለከለከች። ከዚያ ቆም ብላ፣ «ዘጠና አራት።»

ሳዮ ያኔ ነው ሁለቱም እጆቿ ከራሷ በላይ መሆናቸውን ያየችው። ጎኗ ተወጠረ፣ አመማት። አላወረደቻቸውም። ኦሪታ ልጅቷን ትቶ እሷን ያያል፤ በዚያ አስተያየት ውስጥ ሐዘኔታ የሚባል ነገር ፈልጋ አጣች።

ኮሃሩ ካርዷን ይዛ አያቷ ፊት ቆመች። «አሁን አትሚ።»

ፉሚኤ አተመች። ማኅተሙ ጠምሞ ወረደ።

ኦሪታ ባዶ ካርዱን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ወደ ብስክሌቱ ዞረ።

«ቆይ» አለችው ሳዮ። ጎረቤቶቹ ሁሉ ዞሩ። «እማዬ፣ ለእሱም አትሚለት።»

«የሰፈር ልጅ አይደለም።»

«ይሆናል። ትናንት አግባኝ ብዬዋለሁ። እሺ ብሎኛል።»

 ሬዲዮው ብቻውን የአየር ጠባይ ይናገራል።

«እውነት ነው፣ አንተ ልጅ?»

ኦሪታ እስከ ጆሮው ቀላ። «እውነት ነው፣ እማማ። ብስክሌቱም ሰልችቶኛል።»

ፉሚኤ የካርዱን ክር ከሸሚዙ መዝዛ ወደ ራሷ ሳበች። ሰውዬው ከነቁመቱ ጎንበስ አለ። በመጨረሻው ሣጥን ላይ ማኅተሙን አሳረፈችና ለረጅም ጊዜ ተጭናው ቆየች። ከዚያ ገና ወደ ላይ የተዘረጋውን የሳዮን ግራ እጅ ወረድ አድርጋ፣ ማኅተሙን ከነቀለም ሣጥኑ መዳፏ ላይ አስቀመጠችው።

«አያቴ፣ ወዴት ነው?» አለች ኮሃሩ።

ፉሚኤ ኮፍያዋን አጠለቀች። የቤታቸውን በር አልፋ፣ ቁልቁል ወደ ትልቋ ልጇ መቃብር በሚወስደው መንገድ ሄደች።