ወተት የመሰለው ብልቃጥ

ዶክተር ኒቆዲሞስ በኮሌጁ ቤተ ሙከራ ወለል ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው ቅጠል የሚወቀጥበት ዘነዘና ደም ነክቶት ወድቋል። ኢንስፔክተር ለተማርያም ከሸዋ በር ፖሊስ ጣቢያ በእግሯ መጥታ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ደረሰች። ከሬሳው አጠገብ ቆማ አማተበች፤ ከዚያ ጠረጴዛውን አየች።

ሟቹ የዘይቱን ዛፍ ቅጠል ጭማቂ ከብር ጨው ጋር እያዋሃዱ፣ ቁስል የሚያመረቅዘውን ጀርም የሚገድል፣ በዓይን የማይታይ የብር ቅንጣት ይሠሩ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ብልቃጥ ግን ወተት መስሏል።

«ጠዋት ከሟቹ ሌላ ወደ ሕንፃው የገባው ሁለት ሰው ነው» አለ ዘበኛው እንደሻው። «አንድ ሰዓት ላይ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር አባይነህ ገብተው ግማሽ ሰዓት ቆይተው ወጡ። ሁለት ሰዓት ላይ ረዳታቸው ሸምሲያ ገባች፤ ወዲያው ጮኸች።»

«እኔ ከቤተ ሙከራው ደጃፍ አላለፍኩም» አሉ አባይነህ። «አውርተን ስንለያይ ሥራ ሊጀምር ነበር። ይኸው ብልቃጡ፤ ከእኔ በኋላ ሠርቷል። ዘነዘናው የማን እንደሆነ እሷን ጠይቋት።»

ሸምሲያ አልሸሸገችም። የጠቆሩ ጣቶቿን ዘረጋች።

«ዘነዘናው የኔ ነው፤ ይሄም የብር ጨው ነው። ፀሐይ ሲያየው ይጠቁራል፤ በሳሙና አይለቅም። አራት ዓመት ቅጠሉን ፈላና በር ሰፈር ካለው ግቢያችን ተሸክሜ አመጣሁ፣ ቀቀልኩ፣ አጣራሁ። የምርምር ጽሑፉ ላይ የሚወጣው ግን የዶክተር አባይነህ ስም ነበር። ዶክተር ኒቆዲሞስ ትናንት የእሳቸውን ሰርዘው የእኔን ጻፉ። ማሰር ከፈለጋችሁ እሰሩኝ። ወላሂ አልገደልኩም፤ አልለማመጥምም።»

«ጽዳት ነበረች እኮ» አሉ አባይነህ።

«አሁንም ጠርጌ ነው ሥራ የምጀምረው።»

ለተማርያም ብልቃጡን አሳየቻት። «ምን መምሰል ነበረበት?»

«መጀመሪያ ቢጫ፣ ቆይቶ ቡናማ።» ሸምሲያ አቀርቅራ አየችው። «በቧንቧ ውኃ ተበጥብጧል። ክሎሪን ስላለው የብሩን ጨው ያነጣዋል። እኛ በተጣራ ውኃ ብቻ ነው የምንሠራው፤ ጥግ ያለው ጄሪካን ውስጥ ያለው የቧንቧ ውኃ ለእጅ መታጠቢያ ነው።»

ለተማርያም ዘበኛውንም ጨምራ ሦስቱንም ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ስብሰባ አለብኝ» አሉ አባይነህ።

«ይጠብቅዎታል።»

«ከላይ ይደወልልሻል።»

«ይደወል። እዚሁ ነኝ።»

ፀሐይዋ እስክትበረታ አብራቸው ተቀመጠች። አባይነህ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰዓታቸውን ደጋግመው ያያሉ። በመጨረሻ ለተማርያም ተነሣች።

«ብልቃጡን ሟች አልበጠበጡትም፤ በቧንቧ ውኃ አይሠሩም። ሸምሲያም አይደለችም፤ በእንቅልፏ እንኳ አትሳሳተውም። የበጠበጠው ሥራውን ከሩቅ ያየ፣ በእጁ ግን ሠርቶት የማያውቅ ሰው ነው። ለምን በጠበጠው? ሟች እሱ ከወጣ በኋላም በሕይወት እንደነበሩ ለማስመሰል። ይህ የሚጠቅመው ቀድሞ ለወጣ ነው፤ ኋላ ለገባ ምን ያደርግለታል? ዶክተር፣ ከደጃፉ አላለፍኩም ብለዋል። ጣትዎን ይመልከቱ።»

የአባይነህ አውራ ጣትና ሌባ ጣት፣ የነጭ ሸሚዛቸውም እጅጌ ጫፍ፣ ጠቁረው ነበር። በመሐረብ ፈተጉት። አልለቀቀም።

«ሳሙናው ጄሪካኑ ጋ ነው» አለች ሸምሲያ። «ይሞክሩት።»

ኃላፊው ተያዙ። እንደሻው በሩን ከፍቶ አሳለፋቸውና ወደ ሸምሲያ ዞረ።

«ጽሑፉ እንግዲህ ቀረ?»

«ለምን ይቀራል?» አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች። «ይወጣል። በሟችና በእኔ ስም።»