አሮጊቷ ካሜራና የገሰላው ጅራት

ገና ጎህ ሲቀድ ጋሼ አሮጊቷን አንሥቶ የኤሊ አንገት ላይ አጠለቃት። አንበጣ እዚያው ቆማ አንጀቷ እርር ድብን አለ።

አሮጊቷ ሰው አይደለችም፤ ካሜራ ናት። ባትሪ አታውቅም፣ ፊልም ትጎርሳለች፣ ያላት ነገር ሁሉ በእጅ ይዞራል። ጋሼ ደግሞ የሁለቱ ልጆች አጎት፣ የሰፈሩ ፎቶ አንሺ ነው። ቅጽል ስም ያወጣላቸውም እሱ ነው፦ የታላቅ እህቱ ልጅ ነገር ሁሉ ቀስ ስለሚልባት ኤሊ፣ የታናሽ እህቱ ልጅ አንድ ቦታ ስለማትረጋ አንበጣ።

«እኔስ ጋሼ?» አለች አንበጣ።

«አንቺማ የራስሽ አለሽ አይደል? አባትሽ የገዛልሽ።»

አላት። ያውም አዲስ፣ ያውም ባለ ትልቅ ስክሪን፣ አንዴ ሲጫኑት ሃያ ፎቶ የሚተፋ። እስከ ትናንት ድረስ ኤሊን በእሱ ስታስቀናት ነው የከረመችው። ዛሬ ግን አንገቷ ላይ የታሰረ ጡብ መሰላት። ሰው እጅ ላይ ያለ ነገር መቼስ ይጣፍጣል።

ጉዞው ቀልድ አልነበረም። የጋሼ ዓይን እየከዳው ነው፤ የቀረችው ጭላንጭል ዓመቱ ሳያልቅ እንደምትሄድ ሐኪሙ ነግሮታል። ዕድሜውን ሙሉ ሙሽራና የመታወቂያ ፎቶ ሲያነሳ ኖሮ አንድ ነገር ብቻ አምልጦታል፤ ከጫካው ማዶ፣ ገደሉ ሥር ካለው ኩሬ ውሃ የሚጠጣው ጥቁር ነብር፣ ገሰላው።

«ስክሪን እንዳታመጡብኝ፤ ስክሪን ለእኔ ጭጋግ ነው» አለ ጋሼ። «ፊልሙን አምጡልኝ። ጨለማው ክፍል ውስጥ ማንም አያይም፤ እዚያ ከሁላችሁም እኩል ነኝ። በጣቴ አጥበዋለሁ፣ ትልቅ አድርጌ አትመዋለሁ፣ ከዚያ አፍንጫዬ ሥር ይዤ አየዋለሁ። ከዚያ በኋላ ቢመሽም ይምሽ።»

አሮጊቷ የጎረሰቻት ፊልም የመጨረሻዋ ናት፤ እሷም ብትሆን ልታልቅ ጥቂት ነው የቀራት።

«ቀስ ብላችሁ ሂዱ» አለ ጋሼ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ዶሮዋ ታረጃለች» ብላ አንበጣ ቀድማ ወጣች።

መንገድ የመሯቸው እትዬ ናቸው፤ የደን ጠባቂ፣ የጋሼ የድሮ ጓደኛ፣ ሲቆጡ ወፍ እንኳ ዝም የሚልላቸው። ጫካው አፉን ከፍቶ ዋጣቸው። ሐረግ እየበጠሱ፣ የወደቀ ግንድ እየዘለሉ ዳገቱን ወጡ። ሸንተረሩ ላይ ሲደርሱ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋሱም ዛፎቹን በፀጉራቸው ይዞ ወዘወዛቸው።

«ወደ ዋሻው! ሩጡ!» ብለው ጮኹ እትዬ።

በረዶው ወረደ። ኤሊ አሮጊቷን ከሹራቧ ሥር ደብቃ ወደ ዋሻው ገባች። አንበጣ ግን መብረቁን ላንሳ ብላ ቆመች። ጠቅ ጠቅ ጠቅ ጠቅ! ከዳገቱ የወረደው ጎርፍ እግሯን ጠልፎ ጣላት፣ ጭቃው ውስጥ አንከባለላት፣ ወደ ገደሉ አፋፍ ገፋት። እትዬ በቦርሳዋ ማንጠልጠያ ጨምድደው ጎትተው አወጧት።

እሷ ተረፈች። ካሜራዋ ግን ውሃ ጠጥቷል። ተጫነችው፣ ነቀነቀችው፣ ተነፈሰችበት፣ ለመነችው። ስክሪኑ አንዴ አረንጓዴ ብልጭ ብሎ ድርግም አለ።

«ውሃ ጠጥቶ የሚሰክር!» አለች ኤሊ። አሮጊቷን በመሀረብ ጠረገቻት። አሮጊቷ «ምን ተፈጠረ?» የምትል ትመስል ነበር።

«ሳቂ አንቺ! የሰው ካሜራ ታቅፈሽ ሳቂ!»

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ደግሞ የዝንጀሮ መንጋ መንገዱን ዘግቶ ጠበቃቸው። አውራው ጋማውን እንደ ብርድ ልብስ ተከናንቧል፣ ሲያዛጋ ጥርሱ ጣት ያህላል።

«ዓይኑን አትዩት። አትሩጡ» አሉ እትዬ።

አንበጣና አለመሮጥ! አንዴ ዘለለች፤ ዝንጀሮው ግን ሁለቴ ዘልሎ ቦርሳዋን መነተፋት። ካሜራውን አወጣ፣ አሸተተ፣ ገለባበጠ፣ ከዚያ ድንጋይ ላይ ወረወረው። ወርውሮም ኤሊ አንገት ላይ ያለችውን አሮጊት ትኩር ብሎ እያየ እጁን ዘረጋ። እትዬ ዱላቸውን ቋጥኙ ላይ ሲያጮኹት መንጋው እየተንጫጫ ዛፍ ላይ ወጣ።

አንበጣ የተሰነጠቀውን ካሜራዋን አነሳች። «ዝንጀሮ እንኳ? ዝንጀሮ እንኳ የኔን ንቆ ያንቺን ይመኛል?»

«የቆዳ ሽታ ስላላት ይሆናል» አለች ኤሊ በየዋህነት። የዋህነቷ ደግሞ ይበልጥ አቃጠላት።

ወንዙ ዳር ሲደርሱ ሁለት ሰዎች አገኙ። አንዱ የድሮን ሳጥን ተሸክሟል። ሌላው ከሩቅ የሚጮህ ብርቱካናማ ጃኬት ለብሶ፣ ክንድ የሚያህል ሌንስ የገጠመ ካሜራ ይዟል። አንበጣ ወዲያው ብርቱካኑ ብላ ሰየመችው። እነሱም የመጡት ለገሰላው ነው።

«ነገ ኢንተርኔቱን በገሰላ እናጥለቀልቀዋለን!» አለ ብርቱካኑ። ይህን ብሎ አሮጊቷን አያትና አፉ ተከፈተ። «እንዴ! ይቺን ከየት አመጣሻት? ትሠራለች?»

«ትሠራለች» አለች ኤሊ።

«እስቲ ልያዛት። ለአንድ አፍታ።» ተቀበላት፣ ቀለበቷን ዳሰሰ፣ ማዞሪያዋን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። «የኔ ዕቃ ሁሉን ነገር እሱ ነው የሚያስብልኝ። እኔ ቁልፍ ተጫኝ ብቻ ነኝ። ይቺ ግን እስክታስቢ ትጠብቅሻለች። ትቀይሪኛለሽ? የኔን ከነሌንሱ ውሰጂ!»

«የጋሼ ናት» ብላ ኤሊ መልሳ አንገቷ ላይ አጠለቀቻት።

ወንዙን በገመድ ሲሻገሩ ውሃው እስከ ደረታቸው ደረሰ፤ ገመዱም የአንበጣን መዳፍ ላጠው። ምንም አልተሰማትም። የሚሰማት ሌላ ነበር። ምኗም የማያስቀናው ኤሊ፣ ዝንጀሮ የሚመኛት፣ ባለሌንስ የሚለምናት ሰው ሆነች። እሷስ? የተሰነጠቀ ጡብ ተሸክማ ከኋላ የምትጎተት!

ባለድሮኖቹ በዋናው መንገድ ሲሄዱ እትዬ በአቋራጭ መሯቸውና ከኩሬው በላይ ያለው የድንጋይ እርከን ላይ ደረሱ። አንበጣ የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ አለች። «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማች። ቀና ስትል ቅጠሉ ብቻ ይወዛወዛል።

«ያዝኩት» አለች ኤሊ። «ድንጋዩ ላይ ነበር። ዞሮ አየኝ።»

«አሳዪኝ!»

«ምኑን?»

«ፎቶውን ነዋ!»

«ጋሼ እስኪያጥበው አይታይም እኮ።»

«ታዲያ መያዝሽን በምን አወቅሽ?»

ኤሊ ፈገግ አለች። «አወቅኩ።»

ነገሩን ሁሉ ያበላሸችው ያቺ ፈገግታ ናት። አንበጣ ሺህ ፎቶ አንሥታ፣ ሺውንም አይታ፣ እንደዚያ ፈገግ ብላ አታውቅም።

ኤሊና እትዬ ውሃ ሊቀዱ ከእርከኑ ሥር ወዳለ ምንጭ ወረዱ። ኤሊ «እንዳይረጥብብኝ ያዢልኝ» ብላ አሮጊቷን አንበጣ እጅ ላይ አስቀመጠችላት። አምናት!

«አንዴ ብቻ» አለች አንበጣ ለራሷ። «አይቼ እዘጋዋለሁ።» እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ ብዥ ብሎ ቢገኝ ደስታዋ ነው። ጎኗ ላይ ያለችውን ትንሽ መቆለፊያ ሳብ ስታደርጋት የአሮጊቷ ጀርባ እንደ በር ተከፈተ።

ገሰላ የለም። ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ ጥብጣብ ብቻ። ወደ ፀሐይ አዙራ አየችው። ባዶ!

«ውሸታም! ምንም አላነሳችም!»

ኤሊ ከኋላዋ ነበረች። የውሃ መያዣው ከእጇ ወደቀ። «ዝጊያት! ኧረ ዝጊያት! ፊልም ብርሃን ካየ ይቃጠላል!»

አንበጣ ክው አለች። ዘጋቻት፤ ግን ምን ዋጋ አለው! የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል። ይሄ ግን የሚለቀምም አይደለም።

ኤሊ ብትሳደብ ይሻል ነበር። ዞረችና ቁልቁል ሮጠች። ኤሊ ሮጠች! እርጥቡ ድንጋይ አዳልጧት ወደቀች፣ ቁርጭምጭሚቷም ዞረ።

እትዬ እግሯን በነጠላ ጨርቅ እያሰሩ ፀሐይዋን አዩ። «ሳትጠልቅ ገሰላው ወደ ኩሬው ይወርዳል። እኔ ይቺን ጥዬ አልሄድም። እታች ኩሬው ዳር እስካለው ዋርካ ድረስ ከዚህ ሆኜ አይሻለሁ፤ ከዚያ አንዲት እርምጃ እንዳታልፊ።»

የሚያናግሩት አንበጣን ነው።

ኤሊ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ነይ ወዲህ። የተቃጠለው ይለፍ፣ ሁለቴ በባዶ አዙሪ። ከዚያ የሚቀርሽ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። በቀዳዳዋ ስታዪ ነገሩ ሁለት ሆኖ ይታይሻል፤ አንድ እስኪሆን ቀለበቷን አዙሪ። ብርሃኑን አስተካክዬልሻለሁ፣ እንዳትነኪው። ትንፋሽሽን ዋጥ አድርጊና ተጫኚ። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«አሁንም ካበላሸሽው ዕድሜ ልኬን ነው የምቀየምሽ።»

«እሺ።»

አንበጣ ዋርካው ሥር ተቀመጠች። ጉንዳን እግሯ ላይ ወጣ፤ አላራገፈችውም። ትንኝ ጆሮዋ ውስጥ ዘፈነች፤ አላባረረቻትም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይሄኔ ኩሬውን፣ ጉንዳኑን፣ የራሷንም አፍንጫ መቶ ጊዜ አንሥታ ነበር። አሁን ያላት አንዲት ብቻ ናት። አንዲት ብቻ ስትሆን ደግሞ ሁሉን ነገር ማየት የግድ ሆነ። ውሃው ወርቅ ሆኖ ቆይቶ መዳብ ሆነ። ጥላው ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ተሻገረ። ሳታነሳው ያየችው የመጀመሪያው ውሃ ይሄ ነው።

ከዚያ አንደኛው ጥላ ተነሥቶ ሄደ።

ገሰላው! ኮቴው አይሰማም። ጎንበስ ብሎ ላፍ ላፍ እያደረገ ጠጣ። አንበጣ አሮጊቷን ወደ ዓይኗ አመጣች። ሁለት ገሰላ። ቀለበቷን አዞረች፤ ሁለቱ ተቀራረቡ፣ ሊገጥሙ ትንሽ ቀራቸው…

ዝዝዝዝዝ!

የብርቱካኑ ድሮን ዛፎቹን ሰንጥቆ መጣ። ገሰላው አገሳና ተወረወረ፤ ወደ ጫካው ሳይሆን ወደ ዋርካው፣ ወደ አንበጣ! ድሮኑ ከቅርንጫፍ ተላትሞ ኩሬው ውስጥ ተንቦጫረቀ። ገሰላው እፊቷ አርፎ ቆመ። ትንፋሹ ጉልበቷን አሞቀው።

እግሯ «እግሬ አውጪኝ በይ» አላት። የዝንጀሮው ጥርስ ግን ትዝ አላት፤ የእትዬም «አትሩጡ»። አልሮጠችም። አሮጊቷን ከዓይኗ አላወረደችም። ሁለት ገሰላ፣ አራት ቢጫ ዓይን። ቀስ ብላ አዞረች። ቀስ። አንድ ሆነ።

«ቀጭ።»

ገሰላው ጆሮውን አንዴ ነቀነቀ፣ ንቋት ዞረ፣ ቅጠሉ ውስጥ ቀለጠ።

እትዬ ዱላቸውን ይዘው እየሮጡ ደረሱ። «ነካሽ? ወይኔ ልጄን! ነካሽ?»

«አልነካኝም።»

«ያዝሽውስ?»

አንበጣ ልታይ አሮጊቷን ገለበጠቻት። ጀርባዋ ቆዳ ብቻ ነው። ሳቋ አመለጣት። «አዎ» አለች።

ብርቱካኑን ኩሬ ውስጥ እየዳበሰ ትተውት ተመለሱ። ዳገቱን ኤሊ በአንበጣ ጀርባ ላይ ታዝላ ወጣች።

«ቀስ በይ፣ እግሬን!»

«እንቁላሉም እንደዚህ ታዝሎ ነው ለካ የሚሄደው!»

ጋሼ የጨለማውን ክፍል በር ዘጋ። ምንም አይታይም፤ ጣቶቹ ግን መንገዱን ያውቁታል። ፊልሙ ታጥቦ ደረቀ፣ ቀዩ መብራት በራ፣ ወረቀቱ ማጠቢያው ፈሳሽ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ ሁለት ዓይን መጣ፤ ከዓይኑ ኋላ ጥቁረቱ ሁሉ። ጋሼ ወረቀቱን አንሥቶ አፍንጫው ሥር አደረገው። ብዙ ቆየ። ልጆቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ።

«ጢሙ ላይ» አለ በመጨረሻ፣ «የውሃ ጠብታ አለ።»

 ጉንጩ ረጠበ።

በማግስቱ ፊልሙን መስኮት ላይ ዘርግቶ ዓይኑን አስጠግቶ ሲያይ ግንባሩ ተቋጠረ። «ይሄ ለምን ጠቆረ? ማን ነው የከፈታት?»

ኤሊ ጣሪያውን አየች።

«እኔ ነኝ» አለች አንበጣ። «ቀንቼ ነው።»

ጋሼ አልተቆጣም። ተመልሶ ገባና የተቃጠለውንም አተመው። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ወጣ፤ እንደ በረዶ ነጭ። ጥግ ላይ ብቻ አንዲት ጥቁር ጅራት ተጠቅልላ ቀርታለች። ሁለቱንም ፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ ጎን ለጎን ሰቀላቸው።

ጉድ የፈላው ከዚያ በኋላ ነው። መንገደኛው የአንበጣን ገሰላ አይቶ «ያምራል» ይላል፣ ያልፋል። ነጩ ወረቀት ፊት ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል። «የቀረው የት ሄደ?» ብሎ ይስቃል፣ ይጎነበሳል፣ ጓደኛውን ጠርቶ ያመጣል። ብርቱካኑ ራሱ ከየት እንደሰማ መጥቶ ጅራቷን ሽጡልኝ ብሎ ለመነ። ኤሊ በር ላይ ምርኩዟን ተደግፋ ያቺን ፈገግታ ፈገግ ትላለች።

«ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለች አንበጣ፣ አንጀቷ እርር ብሎ። «ግማሹ የኔ ነው በያቸው!»

«አልልም።»

ጋሼ አሮጊቷን ይዞ ከውስጥ ወጣ። ከአንድ አሮጌ ሱቅ አንዲት ፊልም አግኝቷል። «ተራው የማን ነው?» አለ፣ ዓይኑን ወደ ድምፃቸው አቅጣጫ እያዞረ።

አንበጣ እጇን ዘረጋች። ግማሽ መንገድ ላይ መለሰችው።

«የኤሊ ነው» አለች። ጥርሷን ነክሳ ነው ያለችው፤ ግን አለችው።