የሎሚ እስትንፋስ

«ሚስተር ናምቢያር ተማሪያቸውን ሎሚን ዛፍ አሳልመዋታል ወይስ አላሳለሟትም?» አሉ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር አቶ ሠረቀብርሃን።

ኢፍቱ ቀና ብላ ማየት ፈራች። ህንዳዊው የሳይንስ መምህር ሚስተር ናምቢያር በሩ አጠገብ ቆመዋል። ወይዘሮ ዲንቄ ጥቁር ለብሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ሎሚ፣ የኢፍቱ የልብ ጓደኛ፣ ከተቀበረች ሳምንትም አልሞላት።

በዚያ በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ሚስተር ናምቢያር ጠዋት ጠዋት ከየካ ሚካኤል በላይ ወዳለው ጫካ ወጥተው ዮጋ ይሠሩ ነበር። ሁለቱ ልጃገረዶች መጀመሪያ የተከተሏቸው ሊስቁባቸው ነው፤ ኋላ ግን አጠገባቸው ተቀምጠው አተነፋፈስ መማር ጀመሩ። «እኛ የምናስወጣውን ዛፉ ያስገባል፤ ዛፉ የሚያስወጣውን እኛ። እስትንፋሳችን አንድ ነው» ይሏቸዋል በተሰባበረ አማርኛ። ሎሚ ይሄኔ አንዱን የጽድ ዛፍ አቅፋ ጉንጯን ግንዱ ላይ ታሳርፋለች። እንጨት ለቃሚዎች ያዩት ይህንኑ ነው። ስትሞት ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው፦ ህንዱ ለዛፍ አሰግዶ ገደላት።

«ተናገሪ እንጂ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ። «አብረሽ ነበርሽ። አሰግዷታል በይ።»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አባቷም ጠዋት «የሚሉሽን ብለሽ ተገላገይ» ብለዋታል።

«አልሰገደችም» አለች ኢፍቱ። «ዛፉን የምታቅፈው መቆም ሲያቅታት ነው። ደም ያስላት ነበር።»

«ምን?» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ።

«ከመስከረም ጀምሮ። ሚስተር ናምቢያር ሐኪም ቤት እንሂድ ሲሏት፣ ‹እናቴ እያሳከመችኝ ነው› ብላ ዋሸቻቸው። እኔንም አስማለችኝ። ‹እማዬ ከእኔ ሌላ የላትም፤ ከሰማች ትሞትብኛለች› አለችኝ።»

ሚስተር ናምቢያር ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

«አንቺ ታውቂ ነበር» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ ቀስ ብለው። «ቤቴ እየመጣሽ፣ ከእጄ እየጎረስሽ።»

ወይዘሮ ዲንቄ ግድግዳውን ይዘው ተነሡና ወጡ።

አቶ ሠረቀብርሃን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰዉ ተቆጥቷል። ለማንኛውም ሚስተር ናምቢያር ከዚህ ትምህርት ቤት ይነሣሉ። አንቺ ወደ ክፍልሽ ግቢ።»

ኢፍቱ ወደ ክፍሏ አልሄደችም። በግቢው በር ወጣች። ወይዘሮ ዲንቄ አቀበቱን ብቻቸውን ተያይዘውታል።

ዞር ብለው አዩዋት። «አትከተይኝ!»

ኢፍቱ ቆመች። ሴትዮዋ መንገዳቸውን ሲቀጥሉ ግን፣ ትንሽ ራቅ ብላ፣ እሷም መራመድ ጀመረች።