ማንም የሚያውቀው ማሽን

ዲሪር፣ ሳቢያን ሰፈር በሚገኘው ወርክሾፑ ውስጥ፣ ራሱ የሠራው የለውዝ መፈልፈያ ማሽን ሥር ሞቶ ተገኘ። የኋላ ጭንቅላቱ ተፈንክቷል፤ የማሽኑ ጠርዝ ላይም ደም አለ።

«ተንሸራቶ ነው፤ አደጋ ብለህ ዝጋው!» እያለ ኢንስፔክተር ማዘንጊያን አለቃው ሦስት ቀን ነዘነዘው። ማዘንጊያን ግን ማሽኑ ሥር የተከመረው ለውዝ ከነከነው። ሁሉም እንክትክት ነበር። ዲሪር የፈጠራ መብት የጠየቀው ደግሞ ማሽኑ ፍሬ ሳይሰብር ስለሚፈለፍል ነው።

የመብት ጥያቄውን የተቃወመው ነጋዴው በሺር ላቡን እየጠረገ ተነጫነጨ።

«አቦ፣ ይሄ ምኑ ነው ፈጠራ? ፍሬው እንዳይሰበር ውሃ ረጨት ማድረግን እናቴም ታውቃለች። እሱ ጀሪካንና ቧንቧ ገጠመበት፣ አለቀ!»

የሟች ሚስት ኹርሲ ዓይኗ አብጧል። «በሺር ስለተቃወመ ማሽኑን እንዲመረምር የተመደበው ባለሙያ ‹ማንም ያስበዋል› ብሎ ሪፖርቱን የጻፈው ማሽኑን ሳያይ ነው፤ ዲሪር በችሎት አጋልጠዋለሁ ይል ነበር» አለች።

ባለሙያው ኢንጂነር ሰይፈ ሚካኤል ግን ተቆጣ። «በሚገባ አይቼዋለሁ! ለውዙን መጨመር ነው፣ ይፈለፈላል። ማንም ያስበዋል።»

«ከላይ ያለው ውሃስ?» አለ ማዘንጊያ።

«ሞተር ማቀዝቀዣ ነዋ!»

ማዘንጊያ በማግስቱ ሦስቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰባቸው። መብራት ስለጠፋ ሙቀቱ አይቻልም። ትዕግሥቱ አልቋል።

«ቧንቧው ካልተከፈተ ለውዙ ይደቃል» አለ። «ዲሪር ይህን አይስትም። ስለዚህ ማሽኑን ያስነሳው፣ በሥራ ላይ የሞተ ለማስመሰል የፈለገ ሌላ ሰው ነው። ኹርሲ ብትሆን ቧንቧውን ትከፍት ነበር፤ ከባሏ ጋር ስትሠራበት ኖራለች። በሺርም ይከፍት ነበር፤ ክርክሩ ሁሉ ስለ ውሃው ነው። ውሃው ለሞተሩ የመሰለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ኢንጂነር፣ ማሽኑን መጀመሪያ ያዩት ዲሪር በሞተበት ቀን ነው አይደል?»

ሰይፈ ሚካኤል ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«እንዳያጋልጠኝ ልለምነው ነው የመጣሁት... አሻፈረኝ አለ። ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም።»

«ማንም ያስበዋል ብለህ ጽፈህ የለ?» አለችው ኹርሲ። «አንተ እንዴት አቃተህ?»

በሺር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኹርሲ፣ ወላሂ፣ ነገ ሄጄ ተቃውሞዬን እሰርዛለሁ።»

«ባለፈው ሳምንት ብትሰርዘው ኖሮ» አለች ሳታየው፣ «ባሌ ዛሬ ቤቱ ነበር።»